ሚስማር የማታውቅ ጀልባ

ከሩቅ ሲያዩዋት የሣር ጎጆ ውኃ ላይ የምትሄድ ትመስላለች። ጣሪያዋ የተለመጠ ቀርከሃ ሆኖ ሰሌን ለብሷል። ከፊት እንግዶች ወንበር ላይ ጋለል ብለው ሻይ ይጠጣሉ፤ ከኋላ ወጥ ቤቱ ውስጥ ዓሣ ይጠበሳል። በደቡብ ሕንድ በኬራላ ግዛት፣ አላፑዛ ከተማ ዳር፣ እንዲህ ያሉ ጀልባዎች ተሰልፈው ተሳፋሪ ይጠብቃሉ። የአገሩ ሰው ኬቱቫላም ይላታል። በማላያላም ቋንቋ «ኬቱ» ማሰር፣ «ቫላም» ጀልባ ነው፤ የታሰረች ጀልባ እንደማለት። ስሟ የማሞካሻ ሳይሆን የአሠራሯ ነው። በነባሩ ሙያ ስትሠራ አንድ ሚስማር ሳይመታባት፣ ሳንቃ ከሳንቃ በገመድ ይሰፋል።

ወደ ስፌቱ ከመግባታችን በፊት ውኃውን እንወቅ። ኬራላ በምሥራቅ ተራራ፣ በምዕራብ የዓረብ ባሕር ይዟት መሐል የተጨመቀች ቀጭን አገር ናት። ከ44 ወንዞቿ 41ዱ ከተራራው ወደ ምዕራብ ይወርዳሉ። ወንዙ ደለል ይዞ ይመጣል፤ ባሕሩ ደግሞ አሸዋ እየገፋ ዳርቻው ላይ ይከምራል። በዚህ ግፊያ መሐል የታገደው ውኃ ሐይቅ፣ ቦይና ረግረግ ሆኖ ከባሕሩ ጎን ለጎን ይተኛል። እነሱ ካያል ይሉታል። ዝናብ ሲበረታ ይጣፍጣል፣ በበጋ ጨው ይገባዋል። ትልቁ ቬምባናድ ይባላል፤ 96 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ከሕንድ ሐይቆች በርዝመት የሚወዳደረው የለም።

ከቬምባናድ በስተደቡብ ኩታናድ አለ። እዚህ ገበሬው የሚያርሰው ከባሕር ጠለል በታች ነው። ከሐይቁ ወለል ጭቃ እየዛቁ ዙሪያውን ክትር ይሠራሉ፤ ውስጡን ያጠነፍፋሉ፤ ከዚያ ሩዝ ይዘሩበታል። ጀልባ ላይ ተቀምጦ ማሳውን ቁልቁል ማየት ግራ ያጋባል፤ ቀዛፊው ከላይ፣ አራሹ ከታች። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ይህን አስተራረስ እ.ኤ.አ. በ2013 ከዓለም የግብርና ቅርሶች መሐል አስገብቶታል። ታዲያ ሩዙ በምን ይጓጓዝ? ጋሪ የሚያስኬድ ደረቅ መሬት የለም። ኬቱቫላም የምትፈለገው ለዚህ ነበር። እስከ 30 ቶን ሩዝ፣ ኮኮናትና ቅመም ተሸክማ፣ በረጅም የቀርከሃ ዘንግ እየተገፋች ወደ ኮቺ ወደብ ትሄድ ነበር። በእኛ አነጋገር አይሱዙ ነበረች።

አሁን ጎኗን ጠጋ ብለን እንይ። ሳንቃው አንጂሊ ከሚባል ዛፍ ይፈለጣል። አናጢው ሁለቱን ሳንቃዎች ጠርዝ ለጠርዝ ገጥሞ በየዳራቸው ትይዩ ቀዳዳ ይሰረስራል። መጋጠሚያው ላይ የኮኮናት ቃጫ ይጎዘጎዛል። ከዚያ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ከውስጥ፣ አንዱ ከውጭ ሆነው ገመዱን ይቀባበላሉ። ገመዱ ቃጫውን ተጭኖ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ያልፋል፤ እያንዳንዱ ስፌት ተወጥሮ ይጠብቃል። በመጨረሻ ከካሽው ለውዝ የሚወጣ ጥቁር ቅባት ትቀባለች። ውኃ ላይ ስትውል ቃጫው ያብጥና ስንጥቁን ይደፍነዋል። ሊገባ የመጣው ውኃ በሩን ራሱ ይዘጋል ማለት ነው።

ገመዱም ቢሆን በቀላሉ አይገኝም። የኮኮናቱ ልባስ ካያሉ ጭቃ ውስጥ ለወራት ተቀብሮ ይከርማል። ወጥቶ በዱላ ይወቀጣል፤ ቃጫው ተለይቶ ይፈተላል። ፈትሉ በአብዛኛው የሴቶች እጅ ሥራ ነው። ለወራት ጨው ጠጥቶ የወጣ ገመድ ጨው አይፈራም። ሚስማር ግን ይፈራል፤ ይዝጋል፣ ዙሪያውን ያለውን እንጨትም ይዞት ይበሰብሳል። የተሰፋች ጀልባ ደለል ስትነካ እጥፍ ዘርጋ ትላለች እንጂ አትሰነጠቅም። አንድ ሳንቃ ቢያረጅ ገመዱ ተቆርጦ ሌላ ይተካበታል። የጣና ታንኳ ሠሪ ደንገሉን ሲያስር ከዚህ ሐሳብ የራቀ አይመስለኝም።

ስፌቱ ጥንታዊ ነው፤ ጥንታዊነቱን ከሚመሰክሩት አንዱ ደግሞ የእኛን ታሪክ ሲጽፍ ነው ያነሣው። በ6ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው የባይዛንታይን ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒየስ የአክሱሙን ንጉሥ የካሌብን የየመን ዘመቻ በሚተርክበት ቦታ፣ የሕንድና የዚህ ባሕር መርከቦች በብረት ሳይሆን በገመድ እንደሚታሰሩ ይናገራል። በዘመኑ ሰዎች ምክንያቱን ሲያወሩ፣ ባሕሩ ውስጥ ብረት የሚስብ ድንጋይ ስላለ ሚስማር ያለውን መርከብ ይጎትታል ይሉ ነበር። ፕሮኮፒየስ ይህን አልተቀበለም፤ የሮም መርከቦች ብረት ይዘው ሲመላለሱ ምን ሆኑ ብሎ ይሞግታል። እስከዚህ ድረስ ልክ ነው። ቀጥሎ ግን ሕንዶችና ኢትዮጵያውያን ብረት ስለሌላቸው ነው ይላል። እዚህ ላይ ስቷል። አክሱም የብረት ጦር ነበራት፤ በደቡብ ሕንድም ብረት ማቅለጥ እሱ ከመወለዱ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የታወቀ ሙያ ነበር። ሰዎቹ ገመድ የመረጡት ብረት አጥተው ሳይሆን ገመዱ ስለሚሻላቸው ነው።

ኬቱቫላምን የጣላት አስፋልትና ድልድይ ነው። የጭነት መኪና ኩታናድ ሲደርስ ጀልባዎቹ ዳር ተጎትተው መበስበስ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. ወደ 1990ዎቹ ገደማ ግን ሩዝ የሚጫንበት ሆዷ ላይ አልጋና መታጠቢያ ቤት ቢሠራስ የሚል ሐሳብ መጣ፤ የጭነት ጀልባዋ የእንግዳ ቤት ሆና ተነሣች። ይህን እንደ ውርደት የሚያዩት አሉ። እኔ አልስማማም፤ እንግዳው ባይመጣ ኖሮ የሚሰፋት እጅም አይኖርም ነበር። የሚቆጨኝ ሌላ ነው፤ ከአዲሶቹ መሐል ሁለት ፎቅ የሆኑ፣ አየር ማቀዝቀዣ የሚያገሣባቸው፣ ቀርከሃው ለወግ ብቻ የተለጠፈባቸው አሉ።

ጉዞው አብዛኛውን ጊዜ እኩለ ቀን ላይ ይጀምራል። ከሰዓት በኋላ በመንደሮቹ መሐል ይታለፋል፤ ቦዩ ዳር ልብስ የምታጥብ እናት፣ በጀልባ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች፣ ዳክዬ በታንኳ የሚነዳ እረኛ። ምሳው ካሪሚን የሚሉት የካያሉ ዓሣ ነው፤ በቅመም ተለውሶ በሙዝ ቅጠል ይጠቀለልና ይጠበሳል። አመሻሽ ላይ ጀልባዋ ዳር ይዛ ትታሰራለች፤ ሌሊቱ መረብ ለሚጥሉ ዓሣ አጥማጆች ነው። ከጉዞው ሁሉ የምወድደው ደንብ ይህ ነው።

የውኃው ነገር ግን ያሳስባል። የእንግዳ ጀልባዎቹ ሞተር ናፍጣ ያንጠባጥባል፤ ፍሳሹም ካያሉ ውስጥ ይገባል። የጣና ሰው ወዲያው የሚያውቀው ጠላትም እዚያ አለ፦ እምቦጭ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተጠናቀቀው የታኒርሙኮም ክትር በበጋ ይዘጋል፤ የባሕሩ ጨው ሩዙን እንዳያጠፋ ነው። እምቦጭን የሚገድለው ግን ያው ጨው ነበር። ክትሩ ሲዘጋ ሩዙ ይድናል፣ እምቦጩም ይፋፋል፤ ከባሕር ወደ ሐይቁ የሚመላለሰው ዓሣም መንገዱ ይቆረጣል። ገበሬው ይዘጋ፣ ዓሣ አጥማጁ ይከፈት ሲሉ ዓመታት አልፈዋል።

ከአላፑዛ ወደ ሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ተጉዞ ማራሪኩላም ይደረሳል። ጸጥ ያለ የአሸዋ ዳርቻ ነው፤ የዓሣ አጥማጆች ጀልባ ኮኮናቱ ጥላ ሥር ይውላል፣ መረብ ይጠገናል፣ ሌላ ብዙ ነገር የለም። ከሐይቁ ጫጫታ በኋላ አንድ ቀን እዚያ ማሳለፍ ይበቃል።

በንጉሡ ዘመን ሁለተኛ ደረጃ የተማሩ ኢትዮጵያውያን የዚህን አገር ሰው ሳያውቁት ያውቁታል። ሒሳብና ፊዚክስ ካስተማሯቸው ሕንዳውያን መምህራን ብዙዎቹ የመጡት ከኬራላ ነበር። ቬምባናድ አካባቢ ካሉት አብያተ ክርስቲያናት በርካታዎቹ የማላንካራ ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ለእኛዋ ተዋሕዶ እኅት ቤተ ክርስቲያን።

ለመሄድ የምታስቡ ካላችሁ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይሻላል፤ ዝናቡ ያባራል፣ ሙቀቱም ገና አይከፋም። ጀልባ ከመከራየታችሁ በፊት ክፍሉን ሳይሆን ሆዷን አሳዩኝ በሉ። ስፌቱ ከታያችሁ ተሳፈሩ። ጠባቦቹ ቦዮች ውስጥ ግን ትልቋ ጀልባ አትገባም፤ እዚያ በትንሽ ታንኳ፣ ከነቀዛፊዋ፣ ለሁለት ሰዓት ያህል ሂዱ።