ወርቁን የሚገዛው ማን ነው?

በሰሜን ብራዚል፣ ቬኔዙዌላን በሚያዋስነው የአማዞን ደን ውስጥ፣ 9.6 ሚሊዮን ሄክታር የሚሰፋ የያኖማሚ ሕዝብ ግዛት አለ። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1992 ከልሎ ለነባሮቹ ነዋሪዎች ያጸደቀው፣ ማዕድን ማውጣት የተከለከለበት ምድር ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ 40 ሺህ ያህል ወርቅ ቆፋሪዎች ወርረውት ስለነበር የጸጥታ ኃይል ገብቶ አስወጣቸው። ሠላሳ ዓመት ቆይቶ፣ በ2022፣ በደኑ ውስጥ 20 ሺህ ገደማ ቆፋሪዎች እንዳሉ ይገመት ነበር። በጥር 2023 የፕሬዚዳንት ሉላ መንግሥት በአካባቢው የጤና አስቸኳይ ሁኔታ ሲያውጅ፣ በረሃብና በወባ የመነመኑ ሕፃናት ፎቶግራፍ በዓለም ዙሪያ ታየ። አዲስ ዘመቻ ተከፈተ፤ የቆፋሪዎቹ አውሮፕላኖችና ሞተሮች ተቃጠሉ። ዓመቱ ሲዞር ግን ቆፋሪዎች እየተመለሱ መሆናቸው ተሰማ። ፔሩም ይህን ታውቀዋለች። በየካቲት 2019 ማድሬ ደ ዲዮስ በተባለው ክልል፣ ላ ፓምፓ ላይ ከ1 ሺህ በላይ ፖሊስና ወታደር አሰማርታ ቁፋሮውን ከሞላ ጎደል አስቆመች፤ የተባረሩት ግን በዚያው ክልል ሌላ ደን ውስጥ ገብተው ቁፋሮውን ቀጠሉ።

ወታደር ዘግይቶ የሚደርስ መፍትሔ ነው። ቆፋሪው ዛፉን መንጥሮ የወንዙን ዳር በውሃ ግፊት ይንደዋል፤ በጭቃው ውስጥ የተበታተነውን ደቃቅ ወርቅ በሜርኩሪ ይሰበስባል፤ ከዚያ በእሳት ሲያሞቀው ሜርኩሪው ተንኖ ወርቁ ይቀራል። የተነነውና የፈሰሰው ሜርኩሪ ውሃ ውስጥ ሲገባ ረቂቅ ተሕዋስያን የባሰ መርዛማ ወደሆነ ቅርጽ ይቀይሩታል፤ መርዙ ከትንሽ ዓሣ ወደ ትልቅ ዓሣ፣ ከዓሣ ወደ ሰው፣ ከእናት ወደ ፅንስ ያልፋል፤ የሚጎዳውም የነርቭ ሥርዓትን ነው። ፊዮክሩዝ የተባለው የብራዚል የጤና ምርምር ተቋም ወደ 300 ከሚጠጉ ያኖማሚዎች የወሰደው የፀጉር ናሙና በሙሉ ሜርኩሪ ተገኝቶበታል። ቆፋሪውን በአንድ ሳምንት ማባረር ይቻላል፤ ሜርኩሪውን ከወንዙ ማውጣት ግን አይቻልም። ስለዚህ ጥበቃው ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት የሚሠራ መሆን አለበት፤ እንዲህ ያለው ጥበቃ ደግሞ ያለው ወርቁ በሚሸጥበት ቦታ ነው።

ብራዚል ይህን የተማረችው በገዛ ሕጓ ነው። በ2013 የወጣ ሕግ፣ ሻጩ ወርቁ የወጣበትን ቦታ በወረቀት ላይ ከሞላ ገዢው በቅን ልቦና እንደገዛ ይቆጠር ብሎ ደነገገ። ሻጩ ከተከለከለ ደን ያወጣውን ወርቅ ፈቃድ ባለው ሌላ ቦታ ስም ያስመዘግባል፤ ቦታው በሳተላይት ሲታይ አንድ ጉድጓድ እንኳ ያልተቆፈረበት ድፍን ደን ሆኖ ይገኛል። ገዢው አልጠየቀም፤ ሕጉም እንዲጠይቅ አላስገደደውም። በሚያዝያ 2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን ድንጋጌ አገደ፤ በዚያው ዓመት የወርቅ ግብይት በኤሌክትሮኒክ ደረሰኝ እንዲሆን ታዘዘ። ከዚያ በኋላ በአነስተኛ ቁፋሮ ተመረተ ተብሎ የሚመዘገበው ወርቅ በእጅጉ ቀነሰ። ከፊሉ ድሮም በሐሰት የተመዘገበ እንደነበር ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

ወርቅ ቀልጦ ሲቀላቀል መነሻው ይጠፋል፣ አንድ አገር በሩን ስትዘጋም ወደ ጎረቤት ይሻገራል የሚል ክርክር ይነሳል። እውነትነት አለው። ሆኖም ድንበር የሚሻገር ወርቅ ለደላላና ለአሻጋሪ እየተቆረሰለት ስለሚሄድ ለቆፋሪው የሚተርፈው ያንሳል፤ አዋጭነቱ ባነሰ ቁጥር ለናፍጣና ለአውሮፕላን ገንዘብ የሚያወጣው ሰውም ይቀንሳል። የብራዚል ፌዴራል ፖሊስ ደግሞ ያልተጣራ ወርቅ በውስጡ ባሉት ሌሎች ንጥረ ነገሮች ከየት እንደመጣ የሚለይ የናሙና ማኅደር እያደራጀ ነው።

ከዚህ የሚከብደው ጥያቄ የድሃው ነው፦ ቁፋሮ እንጀራው የሆነ ሰው ምን ይብላ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን በያኖማሚ ምድር አውሮፕላንና ሄሊኮፕተር ያቀረበው ድሃው አይደለም። እሱ ጭቃ ውስጥ ቆሞ በድርሻ የሚሠራ፣ ወባውንና ሜርኩሪውን ቀድሞ የሚቀበል ነው። ዘመቻ ሲመጣ የሚያዘውም እሱ ነው፤ ባለገንዘቡ ከተማ ተቀምጦ ሌላ ሞተር ይገዛል። የገዢው በር ሲጠብቅ የሚጎዳው ግን ይኸው ባለገንዘብ ነው። ለድሃው ከደኑ ውጭ ሕጋዊ ቦታና ያለ ሜርኩሪ ወርቅ የሚለይበት መሣሪያ ማቅረብ የመንግሥት ግዴታ ነው፤ ያለዚህ ቁጥጥሩ ግማሽ ፍትሕ ይሆናል።

ዋጋና ገዢ ወርቅን የመምራት ኃይል እንዳላቸው እኛም በኢትዮጵያ አይተናል። በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ለብሔራዊ ባንክ የሚቀርበው ወርቅ በአንድ ጊዜ ጨመረ፤ በ2017 በጀት ዓመት አገሪቱ ከወርቅ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ አገኘች። በኮንትሮባንድ ይወጣ የነበረው ወርቅ የተሻለ ዋጋ ወዳገኘበት ዞረ ማለት ነው። ያ ወርቅ ከጋምቤላው ዲማ ይምጣ ከጉጂ፣ ግራሙና ጥራቱ በሚለካበት ጠረጴዛ ላይ የወጣበት ጉድጓድም ይጠየቅ፤ መልስ የሌለው ወርቅ አይገዛ።