ቀለም የጠጣ ቆዳና ቀለም የተቀባ ቆዳ

ከኢትዮጵያ ይዘናቸው ከመጣናቸው ዕቃዎች መካከል የቆዳ ሥራዎች በጣም ጥቂቶች ናቸው። በሱዳን በኩል በእግሩ ወጥቶ በ1984 እና በ1985 በዘመቻ ሙሴ የገባው ወገን፣ ዕቃውን ወይ አገር ቤት ትቶታል፣ ወይ መንገድ ላይ ጥሎታል። በሜይ 24 እና 25 ቀን 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከአዲስ አበባ የተነሣውም ቢሆን፣ አንድ ቀን ተኩል ገደማ በሚሆን ጊዜ ከ14,000 በላይ ሰው የተጓጓዘ በመሆኑ፣ ከለበሰው ልብስ ሌላ ብዙ የያዘው ነገር አልነበረም። ስለዚህ ዛሬ በሐዴራ በአንዳንድ ቤት የሚገኝ አገልግል፣ የኦሪት መጽሐፍ ማኅደር ወይም የበቅሎ ኮርቻ አንድ ጊዜ ከተበላሸ ምትክ የለውም።

የሚያሳዝነው ግን፣ እነዚህን ዕቃዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያበላሻቸው ሊያጸዳቸው የሚፈልግ ሰው ነው። ልጆቻችን ለመኪናቸው ወንበር የገዙትን ቅባት አምጥተው የአያታቸውን አገልግል ይወለውላሉ። ወላጆች ደግሞ በተቃራኒው፣ አገር ቤት እንደምናውቀው ቅቤ ይቀቡታል። ሁለቱም ስለ ፍቅር ያደርጉታል፤ ሁለቱም ይጎዱታል። ምክንያቱን ለመረዳት ቆዳው እንዴት እንደተሠራ ማወቅ ያስፈልጋል።

በአገራችን ቆዳ ሲለፋ ጠጉሩ ይነሣል፤ በእንቧይ ፍሬና በጉሎ ይታሻል፤ በእግር ይረገጣል፤ እስኪለሰልስ ድረስ ይደከምበታል። ጉሎውን እናቶቻችን ለምጣድ ማሰሻ እንደሚጠቀሙበት ሁሉም ያውቃል፤ ለቆዳም ያው ዘይቱ ነው የሚፈለገው። ከዚያ በኋላ ቀለም ሲገባበት ቀለሙ ከቆዳው ሥጋ ጋር ይዋሐዳል፤ ከላይ የሚሸፍነው ሌላ ነገር የለም። ይህን ቀለም የጠጣ ቆዳ ልንለው እንችላለን። ውሃም፣ ዘይትም፣ የእጅ ላብም በቀላሉ ይገባበታል፤ የገባበትም አይወጣም።

የመኪና ወንበር ቆዳ ሌላ ነው። ለምሳሌ በ1961 በጄኔቫ ለሕዝብ የታየውን ጃጓር ኢ-ታይፕ የተባለውን የስፖርት መኪና እንውሰድ። የወንበሩን ቆዳ ያቀርብ የነበረው በ1878 የተመሠረተው የእንግሊዙ የኮኖሊ ቤት ነው። እንዲህ ያለው ቆዳ በፋብሪካ ከለፋ በኋላ ላዩ በቀለምና በላክ ይሸፈናል፤ ማለት ቀለም የተቀባ ቆዳ ነው። (በዚያው ዓመት እዚሁ ጎረቤታችን ሐይፋ የሚሠራው ሳብራ የተባለው የስፖርት መኪና በኒው ዮርክ ለእይታ ቀርቦ ነበር። ገላው ከፋይበርግላስ ነበር፤ የዚያን ፋብሪካ መኪናዎች ግመል ይበላቸዋል እየተባለም ይቀለድ ነበር።)

ሁለቱን ለመለየት አንዲት የውሃ ጠብታ ትበቃለች። ከማይታይ ቦታ፣ ለምሳሌ ከሥሩ ወይም ከስፌቱ ኋላ፣ በጣት ጫፍ አንዲት ጠብታ ይደረጋል። ጠብታዋ እንደ ዶቃ ክብ ሆና ከቆመች ላዩ የተሸፈነ ነው። ሰምጣ ቦታውን ካጠቆረችው ቀለም የጠጣ ቆዳ ነው። ቀጥሎ ነጭ ጨርቅ በጥቂቱ አርጥቦ በዚያው በስውሩ ቦታ ጫን አድርጎ ማንሣት ነው። ጨርቁ ቀለም ይዞ ከተነሣ እዚያው ማቆም ይገባል፤ ያንን ቆዳ ውሃ ሊነካው አይገባም።

ላዩ የተሸፈነውን የመኪና ወንበር ማጽዳት ከባድ አይደለም። በመጀመሪያ ከስፌቱ ውስጥ ያለው አሸዋ በአቧራ መሳቢያና በለስላሳ ብሩሽ ይወጣል፤ አሸዋው ካልወጣ ሲታሽ ላኩን ይፍቀዋልና። ከዚያ ለቆዳ የተሠራ ለዘብተኛ ሳሙና አረፋው ብቻ ተወስዶ፣ ትንሽ ትንሽ ቦታ እየተያዘ ይታሻል፤ ወዲያው በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል፤ በጥላ ይደርቃል። በመጨረሻ ውሃ የበዛበት ቀጭን የቆዳ ክሬም በስሱ ይቀባል። ወንበሩን በዘይት ማጥለቅለቅ ግን ጥቅም የለውም። ዘይቱ በላኩ ውስጥ አያልፍም፤ ላይ ሆኖ ይጣበቃል፤ አቧራ ይሰበስባል፤ በስንጥቁና በስፌቱ ብቻ እየገባ ክሩን ያበላሻል። ጠጉራቸውን ቅቤ የሚቀቡ እናቶች የሚቀመጡበት ወንበር ደግሞ ራስ ማስደገፊያው ቶሎ ይጠቁራል፤ እዚያ ላይ ንጹሕ ነጠላ ጣል ማድረግ ከማንኛውም ሳሙና ይሻላል።

ወደ ራሳችን ዕቃ ስንመጣ ነገሩ ይለወጣል። ቀለም የጠጣው ቆዳ ሳሙና አይፈልግም። ቆዳ በተፈጥሮው ወደ ኮምጣጣነት ያደላ ነው፤ ተራ ሳሙናና በረኪና፣ ማለትም እዚህ አገር ኤኮኖሚካ የምንለው፣ የዚያ ተቃራኒ ናቸው። ቀለሙን ያነሡታል፤ ቆዳውንም ያደርቁታል። ማጋቮኒም የምንላቸው እርጥብ መጥረጊያዎችና አልኮልም እንዲሁ። ሙቅ ውሃ ከሁሉ የከፋ ነው። በዛፍ ልጣጭና ፍሬ የለፋ ቆዳ ከረጠበ በኋላ ከ70 እስከ 85 ዲግሪ ሙቀት ሲደርስ ይኮማተራል፤ ያረጀው ደግሞ ከዚያ በጣም በታች። የተኮማተረ ቆዳ ወደ ቦታው አይመለስም። አገልግል በተለይ ውስጡ በሣር የተሰፋ ነው፤ ሣሩ ውሃ ከጠጣ ያብጣል፤ ሲያብጥ ቆዳውን ከጠፍሩ ይገነጥለዋል።

ስለዚህ ማጽዳት ማለት አቧራ ማራገፍ ነው። ለስላሳ የቀለም ቅብ ብሩሽ ተይዞ፣ ከላይ ወደ ታች፣ በጠፍሩና በዛጎሉ መካከል ቀስ ተብሎ ይጠረጋል። ኮርቻው ናስ ካለው፣ ናሱ ቆዳውን በሚነካበት ቦታ አረንጓዴ ሰም የመሰለ ነገር ይወጣል፤ ይህ በቆዳው ውስጥ ያለው ስብ ናሱን በልቶ የሚፈጥረው ነው። በስቴኪኒ ጫፍ ተፍቆ ይነሣል፤ ሌላ መድኃኒት አያሻውም።

ጥላሸቱን በሚመለከት ግን የራሴን አስተያየት ልናገር። ብዙ ሰው ጥቁሩን እንደ ቆሻሻ ቆጥሮ ሊያስለቅቀው ይታገላል። ያ ጥቁር ከጎጆው ምድጃ የጠጣው ጢስ ነው። ጢሱ ቆዳውን ያደርቀው፣ ነፍሳትንም ያርቅለት ነበር፤ ዕድሜ የሰጠውም እርሱ ነው። እንዳለ ይተው።

ቅቤስ? አገር ቤት ቅቤ ይሠራ የነበረው ዕቃው በየቀኑ በእጅ ስለሚነካና ጢስ ስላለ ነው። እዚህ ተሰቅሎ ወይም ተዘግቶበት ሲቀመጥ ቅቤው ይሻግታል፤ ለሻጋታም ምግብ ይሆናል። ሐዴራ ባሕር ዳር ናት፤ ስትመሠረት በ1891 ረግረግ ነበረች፤ በበጋ የአየሯን እርጥበት ጊቭዓት ኦልጋ የሚኖር ሁሉ ያውቀዋል። ጎንደር ግን ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። ለቆዳ 50 በመቶ ያህል እርጥበት ይስማማዋል፤ ከ65 በመቶ ካለፈ ሻጋታ ይነሣል። ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ገዝቶ ዕቃው አጠገብ ማስቀመጥ ከአሥር ዓይነት ቅባት ይበልጣል።

በቆዳው ላይ ነጭ ነገር ሲታይ ወዲያው ሻጋታ ነው ማለት አይገባም። ቀድሞ የተቀባው ስብም ወደ ላይ ወጥቶ ነጭ ይሆናል። የጠጉር ማድረቂያ በሩቁ ለብ ባለ አየር ቢነፋበት ስቡ ይቀልጣል፤ ሻጋታ አይቀልጥም። ሻጋታ ከሆነ ዕቃው ወደ ደጅ ወጥቶ በጥላ ይደርቃል፤ አፍና አፍንጫ ተሸፍኖ በብሩሽ ይራገፋል። ሳይደርቅ ቢታሽ ወደ ውስጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ በናይሎን አይጠቀለልም፤ በታጠበ የጥጥ ጨርቅ ይሸፈናል፤ ከውጭው ግድግዳ ራቅ ይላል፤ ማማድ ውስጥም ተዘግቶበት አይከርምም።

የግድ ማለስለስ የሚያስፈልግ ከሆነ፣ ለምሳሌ የአገልግሉ ማንጠልጠያ ደርቆ ሊበጠስ ሲል፣ ከበግ ጠጉር የሚወጣው ላኖሊን ያለበት ቅባት በጣት ጫፍ፣ እጅግ በስሱ፣ በማይታይ ቦታ ተሞክሮ ይቀባል። ቆዳውን እንደሚያጠቁር ይታወቅ። አንድ ቀን ሙሉ ይቆያል፤ የቀረው በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል። ሙዚየሞች ቀድሞ ላኖሊን፣ የንብ ሰምና የዝግባ ዘይት የተቀላቀለበት ቅባት አዘውትረው ይቀቡ ነበር፤ ዛሬ ግን አብዛኞቹ ትተውታል፤ ጥቅሙ ትንሽ፣ ጉዳቱ ብዙ ሆኖ ስላገኙት።

የኦሪት መጽሐፍ ማኅደርም በዚሁ ሥርዓት ይያዛል። መጽሐፉ ራሱ ግን ከዚህ ሁሉ ውጪ ነው። ብራና አልለፋም፤ ተወጥሮ፣ ተፍቆ የደረቀ ቆዳ ነው። ውሃ ካገኘው ይጨማደዳል፤ ቅባት ካገኘው ወረቀት ላይ እንደ ፈሰሰ ዘይት ብርሃን ያሳልፋል፤ ጽሕፈቱም ይሄዳል። ለስግድ ሲወጣ በታጠበና በደረቀ እጅ ይያዛል፤ ከሰዓታት ፀሐይ በኋላም ወዲያው በማዝጋን ወደ ቀዘቀዘ ክፍል አይገባም። የማኅደሩ ወይም የሽፋኑ ቆዳ ሲነካ ቀይ ዱቄት እየሆነ በእጅ ከቀረ፣ ያ ቆዳ በምንም ቅባት አይድንም። ሰፋ ባለ የጥጥ ጥብጣብ ሳይጠብቅ ታስሮ፣ በሣጥን ተኝቶ፣ የጥገና ባለሙያ ያየው ዘንድ ይወሰድ። በኢየሩሳሌም ያለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት እንዲህ ያለውን ሥራ የሚሠራ የጥገና ክፍል አለው።