ኮንዶርሴ ስለ ሰው ልጅ መሻሻልና ስለ ነጻነት ያስተማረው

ኮንዶርሴ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1743 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር ከመኳንንት ወገን የተወለደ የሒሳብ ሊቅ ነበረ። በዘመኑ የነበሩ ብዙ ሊቃውንት፣ ሰው በአእምሮው መርምሮ እውነትን ሊያገኝ እንዲችል፣ ሕግም ለሕዝብ ኹሉ ጥቅም ሊሠራ እንዲገባ ያስተምሩ ነበር። እርሱ ግን ከዚህ አልፎ፣ ነጻነት በዐዋጅ ቢነገርም ሕዝቡ ካልተማረ በወረቀት ላይ የሚቀር መሆኑን አስረዳ።

ምክንያቱም እንዲህ ነው። ማንበብና መቍጠር የማያውቅ ሰው ውሉን ሌላ ያነብለታል፤ ዕዳውንም ሌላ ያሰላለታል። ሕግ ነጻ ነህ ቢለውም ኑሮው በአንባቢው እጅ ነው። አንባቢው ቅን ቢሆን ይጠቀማል፤ አታላይ ቢሆን ግን ርስቱን ያጣል። ስለዚህ የትምህርት ዋና ግቡ ሰውን ኹሉ ሊቅ ማድረግ ሳይሆን፣ ማንም ሰው ባለማወቁ የሌላ ጥገኛ ኾኖ እንዳይኖር ነው። ኮንዶርሴ ይህ መብት ለሴቶችም እንዲደርስ ተከራክሯል፤ የባሪያ ንግድንም በ1781 ባሳተመው መጽሐፍ ነቅፏል።

በ1792 ዓ.ም. በአፕሪል 20 ቀን፣ ትምህርት ያለ ክፍያ እንዲሰጥና መምህራን ከባለሥልጣኖች ተጽዕኖ ነጻ እንዲኾኑ የሚጠይቅ ዕቅድ ለሕግ አውጪው ሸንጎ ማንበብ ጀመረ። በዚያው ቀን ፈረንሳይ ጦርነት ዐወጀች፤ ዕቅዱም ሳይፈጸም ቀረ።

በ1793 የወጣውን አዲስ ሕገ መንግሥት ስለ ነቀፈ ይታሰር ተብሎ ታዘዘ። እርሱም በፓሪስ በአንዲት ደግ ሴት ቤት ስምንት ወር ያኽል ተሸሸገ። በዚያም የሰውን ልጅ አእምሮ ጉዞ በዐሥር ዘመን ከፍሎ ጻፈ፤ ዘጠኙ ያለፈው፣ ዐሥረኛው ግን የሚመጣው ነው። በሚመጣውም ዘመን በአሕዛብ መካከል ያለው አለመተካከል እንዲጠፋ፣ በአንድ ሕዝብም ውስጥ እኩልነት እንዲሰፋ ተስፋ አደረገ። በማርች 1794 አስተናጋጁ በእርሱ ምክንያት እንዳትጐዳ ከቤቷ ወጣ፤ ወዲያውም ተይዞ በእስር ቤት ሞተ። መጽሐፉ የታተመው በ1795 ነው።

ስለ ነጻነት የሚናገሩ ሰዎች ራሳቸው ነጻነትን ሊያጠፉ እንደሚችሉ ከአሟሟቱ ይታያል። እንግዲህ መሻሻል ዘመን በመቈጠሩ ብቻ አይመጣም፤ ሰው ሲያስተምርና ሲማር እንጂ። አንድ ሕፃን የአባቱን የውል ወረቀት ራሱ አንብቦ ቃሉን ባስረዳ ጊዜ፣ ያ ቤት ከአንድ ጥገኝነት ወጥቷል።