የጀልባ መከታተያ ጂፒኤስ ሲገዙ

በፍሎሪዳም ሆነ በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ጀልባ ያለው ሰው ስለ ሌባ ሲያስብ ቶሎ የሚታየው በውድቅት ሌሊት ሞተር አስነስቶ ወደ ባሕሩ የሚፈተለክ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ስርቆት መኖሩ አይካድም። በመኪና የሚጎተት ትንሽ ጀልባ ግን ይበልጥ የሚያሰጋው በየብስ ነው። ጀልባው ከነተጎታቹ ግቢ ውስጥ ቆሞ ሳለ ሌባው ፒክአፑን ያስጠጋል፣ ተጎታቹን ያያይዛል፣ አውራ ጎዳናው ላይ ይወጣል። በሁለት ሰዓት ውስጥ ሌላ ስቴት ሊገባ ይችላል። አንዳንዱ ደግሞ ጀልባውን ጭራሽ አይፈልገውም፤ ከኋላ የተሰቀለውን ሞተር ብቻ ፈትቶ ይሄዳል። ባለ 300 የፈረስ ጉልበት አዲስ ሞተር ከ20 ሺህ ዶላር በላይ ስለሚያወጣ ቢጓጓለት አይገርምም። ስለዚህ ገና ወደ ሱቅ ሳይሄዱ «የእኔ ጀልባ ቢሰረቅ ከየት ነው የሚሰረቀው?» ብለው ይጠይቁ።

ሻጮች በማሸጊያው ላይ አጉልተው የሚጽፉት «ጂፒኤስ» የሚለውን ነው። ከመሣሪያው ሁሉ ቀላሉ ሥራ ግን እሱ ነው። ከ20 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚዞሩት ሳተላይቶች ሰዓታቸውንና ያሉበትን ቦታ ያለማቋረጥ ያሰራጫሉ። መሣሪያው ቢያንስ ከ4ቱ የደረሰውን አመሳክሮ የራሱን ቦታ በጥቂት ሜትሮች ልዩነት ያሰላል። ሳተላይቶቹ ይናገራሉ እንጂ አይሰሙም፤ ስለ ጀልባዎ የሚያውቁት ነገር የለም። እንግዲህ ርካሹም ውዱም መከታተያ የት እንዳለ ያውቃል። የሚለያዩት ያወቁትን ለእርስዎ በምን መንገድ እንደሚያደርሱና ባትሪያቸው እስከ መቼ እንደሚቆይ ነው።

መልእክት ማድረሻው ብዙውን ጊዜ እንደ ስልክ ሲም ካርድ ነው። ጀልባው ከግቢ፣ ከማሪና ወይም ከሐይቅ የማይርቅ ከሆነ ይህ ይበቃል፤ የተሰረቀ ጀልባ የሚጎተትበት አውራ ጎዳናም በአብዛኛው ኔትወርክ አለው። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ ያገለገለ ወይም መጋዘን የከረመ መሣሪያ በርካሽ ሲገኝ በ3ጂ ብቻ የሚሠራ ሊሆን ይችላል። አሜሪካ ውስጥ ኤቲ ኤንድ ቲ 3ጂን የዘጋው በ2022 መጀመሪያ ነው፤ ቬራይዘንም በዚያው ዓመት ማብቂያ ዘግቷል። እንዲህ ያለ ዕቃ በነጻ ቢሰጥዎትም አይጠቅምዎትም። ባሕር ዳር ላለና ጣና ላይ ጀልባ ለሚያሠራ ዘመድ እልካለሁ የሚል ሰውም ሲሙ ከአሜሪካ ውጭ እንደሚሠራ አስቀድሞ ያጣራ። በሳተላይት የሚገናኘውን ደግሞ ያለ ፈቃድ ወደ ኢትዮጵያ ለማስገባት ባይሞክር ይሻላል።

ከዳርቻ ርቆ ለሚጓዝ ጀልባ በሳተላይት መልእክት የሚልክ መሣሪያ ያስፈልጋል። ለምሳሌ የኢሪዲየም 66 ሳተላይቶች በ780 ኪሎ ሜትር ግድም ከፍታ እየዞሩ መላውን ዓለም ያዳርሳሉ። ሆኖም አገልግሎቱ ውድ ነው፣ መሣሪያውም ሰማይ ማየት አለበት። ቅዳሜ ቅዳሜ ዓሣ ለማጥመድ ብቅ ለሚል ሰው ያለ ልክ ነው ባይ ነኝ።

የአፕል ትንሿ ዕቃ መፈለጊያ ኤርታግስ? ዋጋው ይማርካል፤ ነገር ግን ጂፒኤስ የለውም፣ ሲምም የለውም። በብሉቱዝ በአጠገቡ ወደሚያልፍ የአፕል ስልክ ምልክት ይልክና ያ ስልክ ቦታውን ያሳውቃል። ሰው በሚበዛበት ማሪና ጥሩ ነው፣ ባሕር ላይ ግን የሚሰማው የለም። ከዚህም በላይ ሰዎች ሳያውቁ እንዳይሰለሉ ተብሎ፣ የማያውቁት ኤርታግ አብሯቸው ሲጓዝ ስልካቸው እንዲያስጠነቅቃቸው ተደርጎ ተሠርቷል። ማስጠንቀቂያው ሌባውንም ይደርሰዋል።

ብዙ ሰው የማያስብበት ባትሪውን ነው። መከታተያው ከጀልባው ባለ 12 ቮልት ባትሪ ጋር ከተገናኘ፣ ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደሚወስድ ሳይጠይቁ አይግዙ። በአማካይ 100 ሚሊአምፔር የሚወስድ መሣሪያ በቀን 2.4 አምፔር-ሰዓት ይበላል። ባለ 100 አምፔር-ሰዓት ተራ የሊድ ባትሪ ደግሞ ከግማሹ በታች ባይወርድ ይመረጣል፤ ሲካፈል 20 ቀን ገደማ ብቻ ነው። ያው ባትሪ ወደ ጀልባው ግርጌ የሚሰርገውን ውሃ የሚያስወጣውን ፓምፕም ያንቀሳቅሳል። ወር ሙሉ ሳይጎበኝ በቆመ ጀልባ ላይ መከታተያው ባትሪውን ከጨረሰው ፓምፑ ይቆማል፣ ዝናብ ይዘንባል፣ ከሌባ የተረፈው ጀልባ ይሰጥማል። በእረፍት ጊዜው 10 ሚሊአምፔርና ከዚያ በታች የሚወስደውን ይምረጡ፤ ሽቦው ላይ ፊውዝ አይርሱ።

የራሱ ባትሪ ያለው ዓይነት ከዚህ ጣጣ ነጻ ነው፤ የሚቆጥበው ግን ዝም በማለት ነው። በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ ቦታውን የሚያሳውቅ መሣሪያ ዓመት ሊዘልቅ ይችላል፣ ነገር ግን ጠዋት የተሰረቀውን ማታ ነው የሚነግርዎት። ስለዚህ ሲንቀሳቀስ ነቅቶ በየደቂቃው የሚልክ ይገዛል። ይህም በተጎታች ላይ ላለ ጀልባ እንጂ ውሃ ላይ ላለው ፍቱን አይደለም፤ ማዕበል ሌሊቱን ሙሉ ስለሚያወዛውዘው መሣሪያው እንቅልፍ የለውም። ለውሃው የሚሻለው ካርታ ላይ አጥር ማስመር ነው፦ ጀልባው ከተሰመረለት ክብ ሲወጣ ስልክዎ ይጮሃል። መልህቅ የጣለ ጀልባ 30 ሜትር ገመድ ካለው ነፋሱ ሲዞር እስከ 60 ሜትር ሊሄድ እንደሚችል ያስቡና ክቡን ያስፉት። ጠባብ ክብ ሌሊት ሌሊት በሐሰት እየቀሰቀሰዎት በሳምንቱ ማንቂያውን ያጠፉታል።

የሚደበቅበትን ቦታ የሚወስነው ጀልባው የተሠራበት ነገር ነው። ምልክት በፋይበርግላስ ያልፋል፤ አሉሚኒየምና ብረት ግን ይጋርዱታል፣ ውሃም እንዲሁ። ሌባው መጀመሪያ የሚፈልገው ከባትሪው የሚወጣውን ሽቦ ነውና፣ ሽቦው ሲቆረጥ ወይም ግንኙነቱ ሲጠፋ የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ ይምረጡ። አቅም ካለ አንዱን በሽቦ፣ ሁለተኛውን በራሱ ባትሪ አድርጎ ሌላ ቦታ መሸሸግ ጥሩ ነው። ማሸጊያው ላይ አይፒ67 የሚል ካለ አንድ ሜትር ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ይቋቋማል ማለት ነው፤ ከዚያ በታች የሆነውን ለጀልባ አልመክርም።

ዋጋውን በሦስት ዓመት ያስሉት። 30 ዶላር ተገዝቶ በወር 25 ዶላር የሚያስከፍለው 930 ዶላር ይሆናል፤ 150 ዶላር ተገዝቶ በወር 8 ዶላር የሚያስከፍለው ደግሞ 438።

ጀልባው በእርግጥ ከሄደ ሌባውን ራስዎ አይከተሉት። ለፖሊስ ሲደውሉ የጀልባውን መለያ ቁጥር ይጠየቃሉ። ከ1972 መጨረሻ ወዲህ ለአሜሪካ ገበያ በተሠሩ ጀልባዎች ላይ በኋላው ገጽ በስተቀኝ ተቀርጾ ይገኛል፤ ዛሬውኑ ፎቶ አንስተው ስልክዎ ላይ ያስቀምጡት፣ የሞተሩንም ቁጥር አይርሱ። መከታተያው የቀጥታ ካርታውን ለሌላ ሰው ማጋራት የሚያስችል ከሆነ ለፖሊሱ ሊልኩለት ይችላሉ። ማንቂያው ደግሞ ስልክዎ በሌሊት ድምፁ ቢዘጋም እንዲጮህ ያስተካክሉት፤ ለማሪናው ቅርብ የሆነ አንድ ወዳጅ ቁጥርም ይመዝገብ።