«ዲዝመሊ» ምን ማለት ነው?

ዛሬ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ይዘን ቀርበናል። እዚህ ጅቡቲ ከተማ በማታው ክፍላችን አንድ ተማሪ ፈተና ወደቀና ወረቀቱ ጀርባ ላይ «አይ አም ዲዝመሊ» ብሎ ጻፈ። «በጣም አዝኛለሁ» ማለቱ ነው። ቃሉን ከመዝገበ ቃላት አግኝቶታል፤ አገባቡን ግን ሳተ።

ትርጉሙ፦ «ዲዝመል» ቅጽል ነው፤ የጨለመ፣ የሚያስተክዝ፣ ተስፋ የሚያስቆርጥ ማለት ነው። «ሊ» ሲጨመርበት ተውሳከ ግስ ይሆናል። የሚጻፈው በ«ኤስ» ቢሆንም ሲነበብ «ዝ» ነው።

አመጣጡ፦ ከላቲን «ዲየስ ማሊ» ነው፤ ክፉ ቀናት ማለት። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ በየወሩ ሁለት፣ በዓመት 24 ቀናት ገደቢስ ተብለው በቀን መቁጠሪያ ላይ ይመዘገቡ ነበር። የግብፅ ኮከብ ቆጣሪዎች አወጧቸው ስለሚባል «የግብፅ ቀናት»ም ይሏቸው ነበር። ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ የገባው በፈረንሳይኛ በኩል ነው። በየቀኑ «ማርዲ»፣ «ሳምዲ» ስንል እኮ መጨረሻ ላይ ያለችው «ዲ» ያችው ቀን ናት፤ «ማል»ም መጥፎ ነው። በኋላ እንግሊዞቹ በቃሉ ውስጥ ቀን መኖሩን ረሱና «ዲዝመል ዴይ» ማለት ጀመሩ፤ «ክፉ ቀን ቀን» እንደ ማለት!

እኛም ቃሉ አለን። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የከብት እልቂት፣ ድርቅና አንበጣ ተደራርበው ያመጡት ረሃብ እስከ ዛሬ የሚጠራው «ክፉ ቀን» ተብሎ ነው። «ክፉ» ከሚለውም «ክፉኛ» እንላለን፤ «ዲዝመሊ»ም እንደዚሁ ነው።

አጠቃቀሙ፦ ብዙ ጊዜ ከግስ ጋር ይሄዳል፤ «ሂ ፌይልድ ዲዝመሊ» (ክፉኛ ወደቀ)። ከቅጽል በፊትም ይገባል፤ «ዲዝመሊ ሎው» (ተስፋ በሚያስቆርጥ መጠን ዝቅተኛ)። «አይ አም ዲዝመሊ» ግን አይባልም። ያዘነ ሰው «አይ አም ሳድ» ይበል።

ተማሪያችንን «አይ ፌይልድ ዲዝመሊ» ብለህ አስተካክል አልነው። ልዩነቱ የሰዋስው ብቻ አይደለም። ቃሉ የሚናገረው ፈተናው እንዴት እንደሆነ ነው እንጂ ልጁ ማን እንደሆነ አይደለም። እኛም ዩኒቨርሲቲ ሳንጨርስ አገር ለቀን የወጣን ነንና ሁለቱን ማምታታት እንዴት እንደሚቀል እናውቀዋለን። ቃሉ ግን ከቀን የመጣ ነው፤ ቀን ደግሞ ያልፋል።

መልመጃ፦ በ«ዲዝመሊ» ሦስት ዓረፍተ ነገር ሠርታችሁ ለመምህራችሁ አሳዩ። በርቱ!