ጌታነህ ወይስ ጊታነህ?

ሐምሌ 4 ቀን 2002 ዓ.ም.፣ ጆሃንስበርግ። 116ኛው ደቂቃ ላይ አንድሬስ ኢንየስታ ኳሷን ከሆላንድ መረብ ጋር አገናኛት። ስፔን የመጀመሪያ የዓለም ዋንጫዋን ያነሳችው በዚያች ጎል ነው። ኢንየስታ ማሊያውን አውልቆ ሲሮጥ ቢጫ ካርድ አየ፤ ከውስጥ በለበሰው ነጭ ካናቴራ ላይ ለሟቹ ጓደኛው ዳኒ ሃርኬ በእጅ የተጻፈ መታሰቢያ ነበር።

ያወለቀው ማሊያ ጀርባ ላይ ያለችው 6 ቁጥርስ? እሷም ታሪክ አላት። አዲዳስ ለዚያ ውድድር ዮማር አውጉስቶ በተባለ ብራዚላዊ ዲዛይነር ያሠራት ናት፤ የፊደሉ ስም ዩኒቲ ይባላል። እንዲህ ማዕዘናቸው የለዘበ፣ በኮምፓስና በማስመሪያ የተሠሩ የሚመስሉ ፊደሎች ሲወፍሩ ከሩቅ ለሚታይ ነገር ይመረጣሉ። መጽሐፍ ቢጻፍባቸው ዓይን ያደክማሉ። ስታዲየም ውስጥ ግን ሌላ ነው፤ መጨረሻው ረድፍ ላይ የተቀመጠው ደጋፊ 3ን ከ8፣ 6ን ከ9 መለየት አለበት። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ከ1997/98 የውድድር ዘመን ጀምሮ ክለቦቹ ሁሉ በአንድ ዓይነት ፊደል እንዲጽፉ ያደረገው ለዋዛ አይደለም።

ጨዋታው ወደ አገር ቤት ሲመጣ ግን ይከብዳል። ከባሕር ዳር በመራዊ አድርጎ ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ዱርቤቴ አንድ የሰፈር ቡድን የተጫዋቾቹን ስም በአማርኛ ላጽፍ ቢል ምን ይገጥመዋል?

ቁጥሩ ችግር የለውም። ጣጣው ስሙ ላይ ነው። የላቲን ፊደል ቢወፍር ኤውም ኦውም ራሱን ችሎ ይቆማል። በግዕዝ ፊደል ግን ድምፁ ያለው በትንሿ ቅጥያ ነው። ጌ እግሩ ላይ ቀለበት አለው፣ ጊ ሰረዝ። ፊደሉ ሲወፍር ቀለበቱ በቀለም ይደፈንና ጌታነህ ከበደ "ጊታነህ" ሆኖ ቁጭ ይላል! ባ እና ቦም የሚለዩት የትኛው እግር እንደረዘመ ታይቶ ነው፤ ሁለቱም እግር ወፍሮ ካጠረ በ ሆነው ይቀራሉ።

ታዲያ የእኛ ፊደል ለማሊያ አይሆንም ማለት ነው እንዴ? ኧረ በጭራሽ! ዐ እኮ ከጥንት ጀምሮ ክብ ነው፤ ወ እና መም ክብነት ያምርባቸዋል። ጥበቡ ገላውን አወፍሮ የቀለበቱን ቀዳዳ ማስፋት፣ ረጅሙን እግር በደንብ ማስረዘም ነው። ካርቶን በስቶ ማሊያ ላይ ቀለም የሚቀባ ሰው ይህን ከኮምፒውተሩ ቀድሞ ያውቀዋል፤ ቀዳዳውን ካጠበበ ቀለሙ ይሞላበታላ።

የኢንየስታን ካናቴራ ዓለም ያነበበው በእጅ ተጽፎም ጥርት ብሎ ስለታየ ነው። የዱርቤቴው አጥቂም የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ ጎል ያገባ ዕለት ጀርባውን ያየ ሁሉ እናቱ ባወጣችለት ስም እንዲጠራው።