ጳጉሜን የሚያውቅ ፕሮግራም

የሶፍትዌር ምህንድስና የሚጀምረው ከኮድ ሳይሆን ችግሩን አጥርቶ ከማወቅ ነው። ለምሳሌ፣ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጎብኚ ደባርቅ ባለው ጽሕፈት ቤት ይመዘገባል። ይህን ምዝገባ በፕሮግራም ልሥራ የሚል ጀማሪ አስቀድሞ መጠየቅ አለበት፤ ምን ይመዘገባል? ቀኑስ በየትኛው አቆጣጠር? የውጭ እንግዳው በጎርጎርዮስ ይቆጥራል፣ የአገር ውስጥ ሰነድ ግን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጻፋል።

ቀኑን ከአንዱ አቆጣጠር ወደ ሌላው ሲቀይሩ ጳጉሜን ትመጣለች። ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ከተረፈ ጳጉሜን 6 ቀን ናት፤ አለዚያ 5። ይህ ሕግ በፓይተን ቋንቋ በጥቂት መስመር ይጻፋል፤ ተለዋዋጭን፣ ቅድመ ሁኔታንና ፈንክሽንን በአንድ ላይ ያስተምራል። ቀጥሎ ይፈተሻል፦ 2015 ሲገባ 6፣ 2016 ሲገባ 5 መውጣት አለበት። ጀማሪዎች ፍተሻውን መዝለል ይቀናቸዋል፤ ምህንድስናን ከተራ ኮድ ጽሕፈት የሚለየው ግን እርሱ ነው። የኮዱን ለውጥ ጊት በሚባለው መሣሪያ እየመዘገቡ ማስቀመጥም ከመጀመሪያው ሊለመድ ይገባል።

ይህን መማር ለሚሻ፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የ5 ሚሊዮን ኮደርስ መርሐ ግብር የፕሮግራሚንግ መሠረታውያንን በኢንተርኔት በነፃ ያስተምራል። ኔትወርክ ሲቋረጥም በዳባት ከተማ ያለ ተማሪ ሥራ አይፈታም፤ ፓይተን አንዴ ኮምፒውተር ላይ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።